«እናቴንም ካርዱ ላይ ታስገቡልኛላችሁ?» የፊሊፒንስ ወጣት ቀጣሪ ሲመርጥ

ዱባይ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን። ሦስቱ ፊሊፒኖች ናቸው። ቤድስፔስ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ተደራራቢ አልጋ፣ ዙሪያው መጋረጃ፣ ሥሩ ሻንጣ። ከእኔ በላይ የምትተኛው ልጅ የእረፍት ቀኗን በስልክ ነበር የምትጨርሰው። ማኒላ ያለችው ታናሽ እህቷ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው። ለቃለ መጠይቅ በተጠራች ቁጥር ትደውልላታለች። ታጋሎጋቸው ውስጥ እንግሊዝኛ እንደ ሚጥሚጣ ስለሚነሰነስ እኔም ሳላስበው ቃል እለቅም ነበር። ቤዚክ ስንት ነው? ሬጉላር የምትሆኚው መቼ ነው? ኤችኤምኦው ከመጀመሪያው ቀን ነው? ናናይንስ ያስገቡልሻል? ቤዚክ መነሻ ደሞዝ ነው፣ ሬጉላር ቋሚ ሠራተኛ፣ ኤችኤምኦ የግል የጤና ካርድ፣ ናናይ ደግሞ እናት።

ስለ ጠቅላላ ደሞዙ ብዙም ሲያወሩ አልሰማሁም። ገርሞኝ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ግን አራቱም ጥያቄዎች የገንዘብ ጥያቄዎች ናቸው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትተው፣ እጅ ላይ የሚቀረውን ነበር የሚያጣሩት።

ወጣቱ ከቀጣሪ ምን ይፈልጋል ሲባል አማካሪ ድርጅቶች የሚደረድሩት መልስ አለ። ትርጉም ያለው ሥራ፣ የማደግ ዕድል፣ ደስ የሚል የቢሮ መንፈስ። ውሸት ነው አልልም። ማን ይጠላል? ግን የፊሊፒንስ ወጣት ቀጣሪ ሲመርጥ ብቻውን አይደለም የሚመርጠው። ከጀርባው እናት አለች፣ ትምህርት ቤት ያለ ታናሽ ወንድም አለ፣ ባሕር ማዶ ሆና ስታስተምረው የኖረች ታላቅ እህት አለች። ለእሱ ጥሩ ቀጣሪ ማለት ከመንገድ፣ ከቤተሰብና ከስጋት በኋላ የሆነ ነገር የሚያስተርፍለት ነው። ይህን ይዘን እንግባበት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማስታወቂያውን ገልብጦ ማንበብ

ፊሊፒንስ ውስጥ ዝቅተኛ ደሞዝ በሕግ የተወሰነ ነው። ግን ለመላው አገር አንድ ቁጥር የለም። በ1989 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ ክልል የራሱ የደሞዝ ቦርድ አለው፤ ቦርዱ የአካባቢውን ኑሮ እያየ ይወስናል። በሜትሮ ማኒላ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በቀን 695 ፔሶ ሆኗል። ከዋና ከተማዋ ወጣ ሲባል ይቀንሳል። የገጠር ልጅ ሁሉ ወደ ማኒላ የሚጎርፈው አንድም ለዚህ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ ልጅ በወር 26 ቀን ብትገባ 18,000 ፔሶ ገደማ ታገኛለች። ለማኅበራዊ ዋስትና 5 በመቶ ይቆረጥባታል፣ 900 ማለት ነው። ለመንግሥት የጤና መድን ለፊልሄልዝ 2.5 በመቶ፣ 450። ለቤት ፈንዱ 200። የቤት ፈንዱ ስም ፓግ-ኢቢግ ነው፤ ምህጻረ ቃል ቢሆንም ቃሉ በታጋሎግ «ፍቅር» ማለት ነው። በየወሩ ለፍቅር 200 ፔሶ የሚቆረጥበት ሌላ አገር አላውቅም። ዝቅተኛ ደሞዝ የገቢ ግብር ስለሌለበት 16,450 ገደማ ይዛ ትወጣለች። መንገድ በቀን 150 ብናደርግላት 3,900 ሄደ። ምሳ በቀን 100 ብንል 2,600። ለቤት 5,000 ብትሰጥ አምስት ሺህ እንኳ አይቀራት። ልብስ፣ የስልክ ካርድ፣ ሳሙና፣ ሁሉም ከዚያ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል። ቤዚክ ስንት ነው?

ሁለት መሥሪያ ቤት በወር 25,000 እንከፍላለን አሉ እንበል። አንደኛው ሙሉውን በመነሻ ደሞዝነት ይጽፈዋል። ሌላው 18,000 መነሻ ደሞዝ፣ 7,000 ደግሞ የቤት፣ የመጓጓዣ፣ የምናምን አበል ያደርገዋል። በየወሩ የሚገባው ብር ያው ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ዲሴምበር ላይ ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ ዓመቱ ለደሞዝተኛ አሥራ ሦስት ወር አለው። እኛም አሥራ ሦስት ወር አለን፤ የእኛን ጳጉሜ ግን የሚከፍልበት የለም። የእነሱን አስገዳጅ ያደረገው የያኔው ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ በዲሴምበር 1975 ያወጡት አዋጅ ነው። ቀጣሪው እስከ ዲሴምበር 24 ድረስ አንድ ተጨማሪ ወር መክፈል አለበት። በመጀመሪያ በወር ከ1,000 ፔሶ በላይ የሚያገኝ ሰው አይመለከተውም ነበር። በ1986 ኮራዞን አኪኖ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመጡ ያ ጣሪያ ተነሣ። አሰላሉ ቀላል ነው፤ በዓመቱ ያገኘኸውን መነሻ ደሞዝ ደምረህ ለ12 ታካፍላለህ። ጁላይ ላይ በ18,000 የገባች ልጅ ዲሴምበር ላይ 9,000 ታገኛለች። አንድ ወር ከሠራህ ትገባበታለህ፤ ቋሚ መሆን አይጠበቅብህም።

ግን ልብ በሉ፣ አበል አይገባበትም። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት 25,000 ይከፍላል፤ ሁለተኛው 18,000። የትርፍ ሰዓት ጭማሪውም በዚያው በመነሻ ደሞዝ ላይ ነው የሚሰላው። ልጅቷ ቤዚክ ቤዚክ እያለች የምታደርቃት እህቷን ይህን እያሰበች ነው። ገናቸው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሴፕቴምበር ሲጠባ የገና ዘፈን ሱቅ ውስጥ ይከፈታል። ያቺ የአሥራ ሦስተኛ ወር ደሞዝ ገና ሳትመጣ ዕዳ ተከፍሎባታል፣ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ታስቦባታል፣ ለክርስትና ልጆች ስጦታ ተመድቦባታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ማስታወቂያ «ጥቅማጥቅሞች» ብሎ ይጀምርና ማኅበራዊ ዋስትና፣ ፊልሄልዝ፣ ፓግ-ኢቢግ፣ የአሥራ ሦስተኛ ወር ደሞዝ ብሎ ይደረድራል። አራቱም የሕግ ግዴታ ናቸው። ይህ ማለት «ሕግ አንጥስም» ብሎ መፎከር ነው። ነቃ ያለ አመልካች እዚያ ላይ ይስቅና ያልፋል። የሚፈልገው ከሕጉ በላይ ያለውን ነው፤ አሥራ አራተኛ ወር የሚከፍል አለ፣ ሩዝ የሚሰጥ አለ። አዎ ሩዝ። በወር አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ሩዝ ወይም ዋጋውን መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ የግብር ደንቡም ያውቀዋል፣ ግብር አይቆርጥበትም። ጤፍ እንደሚሰጥ መሥሪያ ቤት አድርጋችሁ አስቡት።

ስድስት ወር የሚሉት ድልድይ

አሁን «ሬጉላር» ወደሚለው ቃል እንምጣ። ይህን ቃል ሳይረዱ የፊሊፒንስን ወጣት ሥራ ፍለጋ መረዳት አይቻልም።

የ1974ቱ የሠራተኛ ሕግ የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም ይላል። ስድስተኛውን ወር አልፎ የቀጠለ ሠራተኛ ቋሚ ይሆናል። ቋሚ ከሆነ በኋላ ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ውጭ ማባረር አይቻልም። ለሠራተኛ የቆመ ሕግ ነው፣ ጥሩ ሕግ። ችግሩ ብልጥ ቀጣሪዎች ስድስት ወርን ሲያዩ አምስት ወር የሚባል ነገር እንዳለ ማስታወሳቸው ነው።

ልጁን አምስት ወር ትቀጥረዋለህ። ስድስት ሊሞላው ሲል ኮንትራቱ አለቀ ትለዋለህ። ሌላ ልጅ ታመጣለህ፣ ወይ ያንኑ ልጅ በሌላ ኤጀንሲ ስም መልሰህ ታስገባዋለህ። ይህ አሠራር ስም ወጥቶለታል፤ «ኤንዶ» ይሉታል፣ «የኮንትራት ማብቂያ» ከሚለው እንግሊዝኛ የተቆረጠ ነው። አንዳንዴም «አምስት-አምስት-አምስት» ይሉታል። የገበያ ማዕከል ውስጥ ልብስ የምታጥፈዋ ልጅ፣ ፈጣን ምግብ ቤት ትሪ የሚያነሳው ልጅ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚያሽገው ልጅ ሁሉም ይህን ቃል ያውቃሉ። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው አምስት ቦታ ሠርቶ የትም ቋሚ ሆኖ የማያውቅ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ሮድሪጎ ዱተርቴ በ2016 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ኤንዶን አጠፋለሁ ብለው ነበር። በሜይ 1፣ 2018፣ በሠራተኞች ቀን፣ አንድ ትእዛዝ ፈረሙ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ጥርስ የለውም አሉ። ቀጥሎ ምክር ቤቱ ጠንከር ያለ ሕግ አጸደቀ። በጁላይ 2019 ያንኑ ሕግ ራሳቸው ዱተርቴ ውድቅ አደረጉት። መንግሥት ራሱም ንጹሕ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ «ጆብ ኦርደር» የሚባሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉ፤ ቢሮ ይገባሉ፣ ፋይል ይይዛሉ፣ በሕግ ዐይን ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደሉም። ቋሚ መደብ በእነሱ አጠራር «ፕላንቲልያ» ይባላል። አንድ ሰው ፕላንቲልያ አገኘ ከተባለ ሰፈር ያውቃል።

ታዲያ ቋሚነት ምን ያመጣል? ባንክ ያበድራል። አከራይ ያምናል። ቪዛ ሲጠየቅ ደብዳቤው ይሠራል። የዓመት እረፍት አለ፤ በነገራችን ላይ ሕጉ የሚያስገድደው እረፍት ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ በዓመት 5 ቀን ብቻ ነው። ልጆቹ 15 ቀን እረፍት የሚሰጥ ቦታ ሲያገኙ ዐይናቸው የሚበራው ስላልለመዱት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ብዙ ቦታ የጤና ካርዱ የሚሰጠው ቋሚ ሲሆኑ ነው።

ካርዱ

ፊልሄልዝ የመንግሥት ነው፤ ሆስፒታል ስትተኛ የሂሳቡን የተወሰነ ክፍል ይሸፍናል። የቀረው ከኪስ ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ የገቡት ኤችኤምኦ የሚባሉት የግል ድርጅቶች ናቸው። ቀጣሪው በዓመት ይከፍላቸዋል፣ ሠራተኛው ካርድ ይሰጠዋል፣ ካርዱን ይዞ ሐኪም ቤት ሲሄድ ገንዘብ አያወጣም። ጣሪያ አለው፤ ለአንድ በሽታ በዓመት እስከዚህ ድረስ ተብሎ ይጻፋል።

ወጣት ጤነኛ ልጅ ስለ ካርድ ለምን ይጨነቃል? ለራሱ አይደለም። ብዙ ቀጣሪዎች ከሠራተኛው ጋር ጥገኞችን ያስገባሉ። ላላገባ ልጅ ጥገኛ ማለት ወላጅና ታናናሽ ወንድም እህት ናቸው። እናትየው ደም ግፊት አለባት፣ አባትየው ስኳር። ስለዚህ ጥያቄው ሦስት ጊዜ ይሰነጠቃል። ጥገኛ ይገባል ወይ? ስንት? ከዚህ በፊት የነበረ በሽታ ይሸፈናል ወይ? የመጨረሻዋ ናት ዋናዋ። ካርድ ሰጥተው የእናትህን ግፊት ካልሸፈኑልህ፣ ካርዱ ፎቶ ነው።

አንድ ሕግ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። በ2007 የፊሊፒንስ ምክር ቤት ሆስፒታሎች ሂሳብ ያልከፈለ ሕመምተኛን፣ አስከሬንም ጭምር፣ አግተው እንዳይይዙ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕግ የወጣው ነገሩ ይደረግ ስለነበር ነው። አንድ ሰው ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቡ «አምስት-ስድስት» ወደሚባለው ብድር ይሮጣል። አምስት ወስደህ ስድስት ትመልሳለህ። በእኛ አራጣ ነው። እንግዲህ ደሞዙ ሁለት ሺህ ፔሶ አንሶ ካርዱ እናትን የሚያስገባ ቦታ ቢመርጥ ልጁ ሞኝ ነው?

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነ አንድ ቃል አላቸው፤ «ኡታንግ ና ሎኦብ»። ቃል በቃል የውስጥ ዕዳ ማለት ነው። እኛ ውለታ የምንለው ነው፤ ግን ተከፍሎ የማያልቅ ውለታ። ታላቅ እህት፣ «አቴ» ይሏታል፣ ትምህርቷን አቋርጣ ሠርታ ታናሿን ታስተምራለች። ታናሿ ስትመረቅ ተራው የእሷ ነው፤ ቀጣዩን ታስተምራለች። አሁን አሁን ወጣቶቹ ይህን ጮክ ብለው መከራከር ጀምረዋል፤ መቼ ነው ለራሴ የምኖረው የሚል ጥያቄ አለ። ክርክሩ ግን ደሞዝ ሲገባ ለቤት መላኩን አላስቆመውም።

ደሞዝ ሲገባ ካልኩ አይቀር፣ በወር ሁለቴ ነው የሚገባው። ሕጉ በሁለት ክፍያ መካከል ከ16 ቀን በላይ ማለፍ የለበትም ይላል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው በ15ና በወር መጨረሻ ይቀበላል። ከክፍያው በፊት ያሉት ጥቂት ቀናት «ፔትሳ ደ ፔሊግሮ» ይባላሉ፣ የአደጋ ቀኖች። ቀን የሚያዛባ ቀጣሪ በወጣቶች ዘንድ ስሙ ወዲያው ይጠፋል። ቢሮ ውስጥ እቁብም አለ። እውነተኛ እቁብ! «ፓሉዋጋን» ይሉታል፤ ሰብሳቢ አለው፣ ተራ አለው፣ አውጥቶ የሚጠፋ ሰውም አለው። ቀጣሪው ደሞዙን ሦስት ቀን ካዘገየው እቁቡ ሁሉ ይናጋል።

መንገዱም ከደሞዝ ይቆረጣል

የድሬዳዋ ወይም የድሮ አዲስ አበባ ሰው ውይይት ታክሲን ያውቃል፤ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡባት። የማኒላ ጂፕኒ እሷው ናት፣ ረዘም ብላ፣ በቀለም አብዳ። ሂሳብ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። መውረድ ስትፈልግ «ፓራ ፖ» ትላለህ፤ ወራጅ አለ እንደማለት ነው። «ፖ» የምትለዋ አክብሮት ናት፤ የእኛን አንቱታ ታህል።

ኬሶን ሲቲ ዳር የምትኖር ልጅ ቦኒፋሲዮ ግሎባል ሲቲ ትሠራለች እንበል። ቦታው ድሮ የጦር ሰፈር ነበር፤ ዛሬ የመስታወት ሕንፃ ጫካ ነው። ከቤት ባለ ሦስት እግር ትሳፈራለች። ከዚያ ጂፕኒ። ከዚያ ኤድሳ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ የሚሄደው ባቡር፤ ጠዋት ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ መንገድ ላይ ይተኛል። ከዚያ አውቶቡስ። ጠዋት ሦስት ሰዓት የምትገባ ልጅ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች። ቶምቶም የተባለው የካርታ ኩባንያ የዓለም ከተሞችን ትራፊክ ሲለካ፣ በ2023 ሜትሮ ማኒላን ከሜትሮፖሊታን ከተሞች ሁሉ ቀርፋፋዋ ብሏታል። ዐሥር ኪሎ ሜትር ለመሄድ 25 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ። ይህ ደግሞ በመኪና ነው። ሰልፉ አልተቆጠረም።

ስለዚህ ለማኒላ ወጣት «ቢሮው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ይከፍላል?» ከሚለው ጋር እኩል ነው። ሰርቪስ ያለው መሥሪያ ቤት ሁለት ሺህ ፔሶ እንደጨመረ ይቆጠራል። አንዳንዱ ቢሮው አጠገብ ቤድስፔስ ይከራያል። የዱባዩን ኑሮ እዚያው ጀምሮታል ማለት ነው።

ወረርሽኙ ሲመጣ ከቤት መሥራት ተቻለ። ሕጉም ቀድሞ ነበር፤ የርቀት ሥራ ሕግ በ2018 መጨረሻ ወጥቷል። ቤት ሆነው የቀመሱት ልጆች መመለስ አልፈለጉም። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ትግል ተነሣ። የውጭ ኩባንያዎችን ደንበኞች በስልክ የሚያስተናግዱት የጥሪ ማዕከሎች የግብር እፎይታ የሚያገኙት በልዩ የኢኮኖሚ ዞን ውስጥ ስለሚሠሩ ነው። መንግሥት እፎይታውን ከፈለጋችሁ ሠራተኛውን ከኤፕሪል 1፣ 2022 ጀምሮ ዞኑ ውስጥ መልሱ አለ። ኩባንያዎቹ ተጨነቁ፤ ሰው ይለቅብናል አሉ። በዚያው ዓመት ምዝገባቸውን ወደ ሌላ የመንግሥት ቦርድ አዛውረው ከቤት ማሠራቱን እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። በ2024 መጨረሻ የወጣ ሕግ ደግሞ ዞን ውስጥ ላሉትም እስከ ግማሽ ያህል ከቤት እንዲያሠሩ በር ከፈተ። የአንድ አገር የግብር ሕግ የተንቀሳቀሰው በከፊል ወጣቶች ኤድሳ ላይ መቆም ስለሰለቻቸው ነው።

የጥሪ ማዕከል ካልኩ ትንሽ ልቆይበት። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ይሠራበታል። ዘመድ አይጠይቅም፣ ዲግሪ ያላለቀለትንም ይቀበላል፤ እንግሊዝኛህ ይሂድ እንጂ። አሜሪካ ሲነጋ ማኒላ ይመሻል፤ ስለዚህ ሥራው ሌሊት ነው። ሕጉ ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላለው ቢያንስ 10 በመቶ ጭማሪ ያዝዛል፤ ከዚያ በላይ የሚከፍሉም አሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሕንፃዎቹ ሥር ሄዳችሁ ብታዩ፣ ገና ሥራ የጨረሱ ልጆች እራታቸውን ሲበሉ ታገኛላችሁ፤ ቢራም ከጎን አለ። የሚጠይቁት ጥያቄም ይለያል። የመኝታ ክፍል አለ? ሌሊት የሚያደርስ ሰርቪስ አለ? አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ይህን ሥራ ማሽን እስኪወስደው ድረስ ምን ታስተምሩኛላችሁ?

«እዚህ ቤተሰብ ነን»

ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን የሚል አለቃ ካጋጠመህ ሩጥ ይላሉ ወጣቶቹ። መጀመሪያ ስሰማ አልገባኝም። ይህን ያህል ቤተሰብ የሚወድ ሕዝብ ቤተሰብ ነን ሲባል ለምን ይሸሻል? መልሱ ቀላል ነው። ቤተሰብ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃሉ። ቤተሰብ የትርፍ ሰዓት አይከፍልም። ቤተሰብ እሑድ ማታ ይደውላል። ቤተሰብ ላይ አይቆጠርም።

ይህ ትውልድ አለቃው ከሥራ ሰዓት ውጭ በቫይበር ግሩፕ መልእክት ሲልክ ያያል፤ መልስ ካልሰጠ ነገ ፊት ይነሣዋል፤ ከሰጠ ደግሞ ልማድ ይሆናል። «ቶክሲክ»፣ መርዛማ፣ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ራሳቸው ቋንቋ ነው የሚጠቀሙበት። ታላላቆቻቸው ይህን ሁሉ «ሂያ» በሚሉት ይሉኝታ ያልፉት ነበር። በ2018 የአእምሮ ጤና ሕግ ከወጣ ወዲህ ግን ቀጣሪ የአእምሮ ጤና ፖሊሲ ሊኖረው ይገባል፤ ወጣቶቹም ፖሊሲያችሁ የታለ ማለት ለምደዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ግን መጠየቁ ራሱ አዲስ ነገር ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። አንዳንዶቹ ሳይገቡ ስለ መውጫው ይጠይቃሉ። ቀድሞ እዚያ የሠራ ሰው ፈልገው ሲለቅ እንዴት ሸኙት ይላሉ። ቦንድ የሚባል ወጥመድ አለ፤ ሥልጠና ሰጥቼሃለሁና ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቅህ ይህን ያህል ሺህ ትከፍላለህ የሚል ውል። ስትለቅ የመጨረሻ ሂሳብህ በ30 ቀን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤህ ከጠየቅህ በኋላ በሦስት ቀን ሊሰጥህ እንደሚገባ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ በ2020 መመሪያ አውጥቷል። ያንን የሚያጓትት መሥሪያ ቤት በገባህበት ቀንም ደግ ሊሆንልህ አይችልም። ብልህ ጥያቄ ነው፣ እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ አላሰብኩትም።

ባሕር ማዶ ያለው ተፎካካሪ

የማኒላ ቀጣሪ የሚወዳደረው ከጎረቤት ሕንፃ ጋር ብቻ አይደለም። ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከሆንግ ኮንግ፣ ከመርከብም ጋር ነው። ፊሊፒንስ ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክን በመንግሥት ደረጃ የያዘችው በ1974ቱ ሕግ ነው። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ለዚሁ ብቻ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ወጣቱ የአገር ውስጡን ደሞዝ ሲሰማ በልቡ ከዲርሃም ጋር ያነጻጽራል።

እዚህ ላይ የእኛ ልጆች ታሪክ ይገባል። የፊሊፒንስ መንግሥት በ2006 የቤት ሠራተኞቼ ከ400 ዶላር በታች አይቀጠሩም ብሎ ወሰነ። ሁሌ ይከበራል ማለት አይደለም፤ ግን የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ አለ፣ ኤምባሲውም ይጠይቅበታል። በቤሩትም በባሕረ ሰላጤውም አንድ ሕንፃ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ፊሊፒናና ኢትዮጵያዊት ደሞዛቸው በፓስፖርታቸው ይለያያል። ሊፍት ውስጥ ይገናኛሉ፣ ቆሻሻ ሲጥሉ ይገናኛሉ፣ ስንት ታገኛለሽ ይባባላሉ። ይህን ጥያቄ የተጠየቀች ታውቀዋለች።

ሌላው ተፎካካሪ ላፕቶፕ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ሆነው ለአሜሪካና ለአውስትራሊያ ሰዎች በኢንተርኔት የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። በዶላር ይከፈላቸዋል፣ ኤድሳን አያዩም። ግን አሥራ ሦስተኛ ወር የለም፣ ካርድ የለም፣ ደንበኛው አንድ ቀን መልስ መስጠት ካቆመ አለቀ። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ልጅ መልሶ ያው እናቱ ጋ ይመጣል።

የጓደኛዬ እህት መጨረሻ ላይ ሁለት ቦታ አልፋለች። አንዱ ማካቲ፣ የማኒላ የቢሮዎች ሰፈር፣ ትልቅ ሕንፃ፣ ሻል ያለ ደሞዝ፣ ካርዱ ለራሷ ብቻ። ሌላው ከቤቷ አንድ ጂፕኒ፣ ደሞዙ ዝቅ ያለ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁለት ጥገኛ። ሁለቱ እህትማማቾች ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰሉ እኔ መጋረጃዬን ዘግቼ ለመተኛት እታገል ነበር። ቅርቡን መረጠች። ስድስት ወር ቆጥረን፣ አዎ እኔም ጭምር፣ አንድ አርብ የካርዱ ፎቶ በስልክ መጣ። የናናይ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ያንን ለማስተካከል ደግሞ ሌላ ሁለት ወር ፈጀ።